የእትዬ ዘነበች የተቆጣ ፊት

አሶሳ፣ እሑድ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

የእትዬ ዘነበች ግራ ጆሮ ዛሬ ረፋድ ላይ በድንገት መውደቁን በጥልቅ ሐዘን እገልጻለሁ። የራሳቸው ሳይሆን የምሠራላቸው የጭቃ ሐውልት ጆሮ ነው። ቀብሩ ባልዲ ውስጥ ተፈጽሟል።

ሌላ ጆሮ ለጥፌ ሳበቃ እሑድ እሑድ አብረውኝ ጭቃ የሚያቦኩ ወዳጆቼ ለአስተያየት መጡ። አብዱልቃድር፣ ሴቱንም ወንዱንም «ነው» በሚለው አማርኛው፣ «እትዬ ዘነበች ወታደር ነው እኮ! ፊቱ ይቆጣ!» አለ። መምህር ቶለሳም፣ «የግንባር ሬዲዮ ኦፕሬተርም ቢሆን ወታደር አይስቅም» ብሎ ደገፈው። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እኔም ፈገግታውን ደምስሼ ቅንድቡን አኮማተርኩት።

ከሰዓት እትዬ ዘነበች ራሳቸው ሊያዩት መጡ። መልካቸውን ካላወቁት ድካሜ ሁሉ ገደል ገባ ብዬ ሰጋሁ። ዞረው ዞረው አዩትና፣

«ውይ! ሻለቃችንን የት አገኘኸው ልጄ?» አሉ።

አማካሪዎቼ ጣሪያውን ማጥናት ጀመሩ።

«እኔማ ሬዲዮ ላይ እየሳቅሁ ነበር የማወራ። ምሽግ ያሉት ልጆች ፍርሃቴን እንዳይሰሙብኝ ብዬ።»

አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ጭቃው ላይ ጫን አደረጉ። ጉንጩ ስርጉድ አለ፤ እሳቸውን ሆነ።

እርማት፦ ከላይ «ወታደር አይስቅም» በሚል የተላለፈው ውሳኔ ተሽሯል። ጉንጩንም እኔን ጨምሮ ማንም እንዳይነካው ታዟል።