ቆሞ የተገኘው አህያ

ሚያዝያ 11 ቀን 1988

ማንጎው ቀላ። ነገ የአሶሳ ገበያ ነው። ከሰዓት ጎረቤቴ ባቢከር መጥቶ አህያዬን ተዋሰኝ።

"ከዘመድ ቤት ማሽላ አመጣለሁ። ጠዋት በር ላይ ታገኘዋለህ" አለ።

ሴት ብሆንም እኔን "አንተ" ነው የሚለኝ። አፍ የፈታው በበርታ ቋንቋ ነው። እኔም በበርታ ሰላምታ እንኳ አጣምሜ ነው የምሰጠው። ተቻችለናል።

ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ አነበብኩ። ስለ አዲሱ ክልላችን ነው። ወሬው ሲጥም ተቀደደ… ቀሪው የማንን ስኳር ይዞ ሄደ?

ሚያዝያ 12

ባቢከር የለም። አህያው የለም። አንድ ቅርጫት ማንጎ አዝዬ ገበያ ደረስኩ። ሌላው ዛፉ ሥር ለዝንብ ቀረ።

ሚያዝያ 13

አህያዬ ታስሯል!

የነገረኝ ራሱ ባቢከር ነው። ሻይ እየጠጣ። ማሽላ አልነበረም ለካ… በኩርሙክ በኩል የገባ የሱዳን ሳሙናና ሽቶ ነበር። ፖሊስ ከቁጥቋጦ ብቅ ሲል ሮጠ።

"አህያውስ?"

"አህያ አልሮጠም" አለ። ጥፋቱ የአህያው ሆኖ አረፈው።

ሚያዝያ 15

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ያገኘሁት አሥር አለቃ ደባልቄን ነው። በሰፈራው ጊዜ ከወሎ በአንድ መኪና የመጣን፣ ንፍጡን ስጠርግለት ያደገ ልጅ።

"እትዬ ብዙወርቅ፣ ይቀመጡ" አለኝ። ወንበር ግን የለም። ክልሉ አዲስ ነው። ማኅተም መጥቷል፣ የማኅተሙ ቀለም አልመጣም ይላሉ።

"ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?"

"እርስዎማ ምንም። አልተከሰሱም።"

"ያስጫነውስ?"

"አምልጧል። ያልታወቀ ግለሰብ ነው።"

ያልታወቀው ግለሰብ ውጭ አጥሩን ተደግፎ እየጠበቀኝ ነበር…

"ታዲያ የታሰረው በማን ጥፋት ነው?"

"በራሱ። ኮንትሮባንድ የጫነ ይወረሳል። እቃም ቢሆን፣ መኪናም ቢሆን፣ አህያም ቢሆን። ባለቤቱ አላወቀም ማለት እሱን ነፃ አያወጣውም።"

መዝገብ ላይ ሊጽፍ አህያው መጠሪያ እንዳለው ጠየቀኝ። "ጓድ" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ምን ላድርግ? ስሙን ያወጣለት ባሌ ፈንታ ነው፣ ነፍሱን ይማረው። የደርግን ጊዜ ጓዶች መምታት አይቻልም ነበር። እሱን ግን ይቻላል።

ሚያዝያ 18

ጓድ ለፖሊሶቹ ውሃ እያመላለሰ ነው። እስረኛ ይሠራል እንዴ?

ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ብከፍት ጓድ ነው። ፖሊስ ሲዘናጋ ጀሪካኖቹን እንደጫነ ቤቱን ብሎ መጥቷል። አንገቱን አቀፍኩት። ከዚያ ፈራሁ… "ወንጀለኛ ደበቀች" ቢሉኝስ? ገመዱን ይዤ መልሼ ወሰድኩት። የራሴን አህያ! ውሃው ጠብ ሳይል!

ሰፈሩ ሁሉ ሳቀብኝ። ሽማግሌው ጌትነት "ብዙወርቅ፣ እጁን እንዲሰጥ መከርሽው?" አለኝ።

ሚያዝያ 22

ማንጎው እየበሰበሰ ነው። በጀርባዬ የምችለው ጥቂት ነው። በዚህ ክረምት ምን ልበላ ነው?

አልጋ ሥር ስጠርግ ያ ድስት እጄን ነካው።

የባቢከር እህት የዐዋጢፍ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ እዚህ በሰፈርን በዓመቱ፣ ባሏ ሱዳን ነገደ ተብሎ የቤት እቃዋ ተወረሰ። እሷ ምን አጥፍታ? ምንም። ዋርካው ሥር በሐራጅ ተሸጠ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። እኔ የማበስልበት አልነበረኝም… ፈንታን በክርኔ ጎሰም አደረግኩት። እጁን አወጣ። ትልቁ ብረት ድስት የእኛ ሆነ።

አንድ ሰሞን አበሰልኩበት። በኋላ ዐዋጢፍ በዘይት ቆርቆሮ ገንፎ ስታገነፋ አየሁ። ከዚያ ወዲያ ድስቱ አልጋ ሥር ነው። አላበስልበት፣ አልመልሰው።

አህያዬ ሲወረስ "ግፍ ነው" የምለው በየትኛው አፌ ነው?

ግንቦት 1

ስብሰባ ነበር። ከክልል አንድ ሰው መጥቶ ስለ ኮንትሮባንድ አስረዳ። "አገር ያደማል" አለ። ከኋላ አንዲት ሴት፣ "ሳሙናው ባይገባ ደግሞ አገር ይሸታል" አለች። ሳቅ።

ጌትነት ተነሳ። "ጌታው፣ ጥያቄ አለኝ። ሰውዬው በድልድይ ላይ ቢያልፍ ድልድዩም ይወረሳል?"

"ድልድይ የመንግሥት ነው።"

"ስለዚህ የመንግሥት ድልድይ ኮንትሮባንድ ቢያሳልፍ ንጹሕ፣ የመበለት አህያ ቢያሳልፍ ወንጀለኛ።"

ሰውዬው ጥያቄውን ጻፈው። ደባልቄ ግን ተቆጣ። "አህያ ካልተያዘ ማን ይፈራል? ሰው ነግዶ ይሮጣል። በማግስቱ ሌላ አህያ ይዋሳል!" አለ። እሱም እውነት አለው… ባቢከር ጫማውን አየ።

ሕገ መንግሥቱን ሦስት ጊዜ አንብቤ ነበር የሄድኩት። የንብረት መብት የሚለውን በቃሌ ይዤዋለሁ። ተነሳሁ። ዐዋጢፍ ከፊት ዞራ አየችኝ። "የሚቀጥለው ይናገር" ብዬ ተቀመጥኩ።

ግንቦት 4

ፈረዱ። ለገለባ በጀት የለም። ቅዳሜ ጓድ በሐራጅ ይሸጣል።

"ራሴ ልግዛው" አልኩ።

"ባለቤት መጫረት ክልክል ነው" አለ ደባልቄ። ዓይኔን ሳያይ።

ግንቦት 10

ሐራጁ ያው ዋርካው ሥር ነበር። አምባው ሁሉ መጥቷል፣ ግን ሊገዛ አይደለም። የድስቱ ነገር ለዚህ ሰፈር ቁስል ሆኖ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ የጎረቤት ንብረት በሐራጅ የሚገዛ ዕቁብ አይገባም፣ ለቅሶው አይደረስለትም። ማንም ሕግ ብሎ አልጻፈውም። ሁሉም ግን ያውቀዋል።

ደባልቄ ጠራ። ዝም። ዋጋ ቀነሰ። ዝም። "ኧረ ጤነኛ አህያ ነው!" አለ። ጓድ አናፋ። ከቶንጎ የመጣ አንድ ነጋዴ አፉን ሊከፍት ሲል ጌትነት የተላጠ ማንጎ አጎረሰው። "ብላ እንግዳ፣ ብላ፣ የአገራችን ማንጎ ነው!" ሰውዬው እስኪውጥ ሌላ ተላጠለት።

ደባልቄ ላቡን ጠረገ። "ለመጨረሻ ጊዜ…"

እጅ ወጣ። ዐዋጢፍ።

ከጌትነት እጅ ማንጎው ወደቀ። እሷ ግን ከፈለች፣ ገመዱን ተቀበለች፣ በፊቴ አልፋ ጓድን ወደ ቤቷ ነዳች።

ልክ ነች። ድስቷን ገዛሁባት፣ አህያዬን ገዛችብኝ… አልተጎዳሁም ማለት አልችልም። ልክ ነች ግን።

ግንቦት 11

ድስቱን በአመድ ፈተግኩ። ሲመሽ ልወስደው አስቤ ነበር። ተውኩት። በጠራራ ፀሐይ፣ ጭንቅላቴ ላይ ተሸክሜ፣ በገበያው መንገድ ሄድኩ። ሰው ሁሉ አየ። ይየው።

ጓድ በሯ ላይ ታስሮ ሣር ይበላል።

ዐዋጢፍ ወጣች። ድስቱን ተቀበለችኝ። ገልብጣ ቂጡን አየች።

"ታጥቧል?"

"ታጥቧል።"

"ወላሂ፣ አልተበላበትም። አዲስ ነው" አለች፣ ቅር ብሏት። "ድስት አስቀምጦ ይራባል ሰው?"

"ዐዋጢፍ… ያን ቀን ፈንታን…"

"እጅ ያወጣ ፈንታ ነው። በክርን የመታው አንተ ነህ። አይቻለሁ።"

ያን ሁሉ ዓመት! በየሰርጉ፣ በየለቅሶው አጠገቤ ተቀምጣ!

"ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"ድስት እግር የለውም፣ ሰው ግን አለው። ይመጣል አልኩ። ብዙ ቆየህ።" ገመዱን ፈትታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። "ሌላ ሰው ቢገዛ ቶንጎ ይወስደው ነበር። አህያ ይዘህ ሂድ።"

"ገንዘብሽን…"

"ባቢከር ይከፍላል። ሳሙናው የእሱ ነው።"

ባቢከር ከጓዳ "ማሽላ ነበር" ሲል ሰማሁት።

ግንቦት 25

ጓድ ከእስር ቤት አመል ይዞ ወጣ። ገበያ ስንሄድ ጣቢያው በር ላይ ይቆማል። ገለባ ካልሰጡት አይንቀሳቀስም። ትናንት ደባልቄ ከኋላው እየገፋ "መዝገብህ ተዘግቷል፣ ሂድ!" ይለዋል። ከፊት ባቢከር ይጎትታል፣ ጀርባው ላይ የእኔን ማንጎ አዝሎ። ዕዳውን በሸክም እየከፈለ ነው።

ነገ የእርሻ ደቦ አለኝ። ለሰው የሚበቃ ድስት የለኝም። ዐዋጢፍ ዘንድ ሄጄ ትልቁን ድስት አውሺኝ አልኳት።

"ታጥቦ ይመለሳል?"

"ታጥቦ።"

"በዚህ ሳምንት?"

"በዚህ ሳምንት!"

ንፍሮው እየፈላ ነው። ክዳኑ ይንጫጫል። አልጋዬ ሥር ድመቷ ገብታ ተኝታለች።