ሊጤን ማን አየው

ሰኞ

አልነፋም። ጎህ ሳይቀድ አቡክቼ ምድጃ ዳር የተውኩት ሊጥ እንደተውኩት ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ጣቴን ብከትበት ቀዳዳው እንዳለ ቀረ፤ ጭቃ በሉት። ትናንት እኮ ይኸው ሊጥ፣ በዚሁ ሳፋ፣ እዚሁ ቦታ፣ ጨርቁን ገፍቶ ሊወጣ ደርሶ ነበር!

ጋገርኩት። ምን ላድርግ? ኦቾሎኒው ተቆልቶ ተወቅጧል፣ በማርና በቀረፋ ተለውሷል፣ አይጣል ነገር። ዳመጥኩ፣ ቀባሁ፣ ጠቀለልኩ፣ ቆራርጬ ድስቱ ውስጥ ደረደርኩ፣ ከላይም ከታችም ፍም አደረግኩ። የወጣው ድንጋይ ነው። ጾም ስለሆነ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቅመስ አይቻል፤ ምኑ እንደጎደለ እንኳ በምላሴ አላውቅ። ከዘጠኝ በኋላ ባሌ ደሳለኝ ባጃጁን አቁሞ ገባና አንዱን ነከሰ። "ዘውዴ፣ ይኼ ጾም መፍቻ ሳይሆን ጥርስ መንቀያ ነው" አለኝ። ይሳቅ እሱ።

እኔ የጨነቀኝ የሐረግ ነገር ነው። ሐረግ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት አላት። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ቅቤ የለ እንቁላል የለ፤ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ሰው ቁርስ ሊበላ ሲመጣ ከሻይ ጋር የምትሰጠው ጣፋጭ አጣች። ትናንት ከጋገርኳቸው ጥቅልሎች ጥቂት ወስጄ አቀመስኳት። ዓይኗን ጨፍና በላች። "ቅዳሜ ጠዋት አንድ ትሪ ሙሉ አምጪልኝ። እንደዚህ ከሆነ ጾሙን ሙሉ ካንቺ ነው የምወስደው፣ ካልሆነ ከዳቦ ቤቱ ጋር እነጋገራለሁ" አለችኝ። የትምህርት ቤቱ የጽዳት ውሌ በዚህ ወር ያልቃል፣ እንደማያድሱልኝም ነግረውኛል። ቅዳሜ ካልተሳካልኝ እጄን አጣጥፌ ቤት መቀመጤ ነው።

አንድ ነገር ከልቤ አልወጣ አለ። ፀዳሉ። ከጋዝጊብላ መጥታ የጓሯችንን ክፍል የተከራየችው ሴት። ትናንት ጥቅልሎቹን ከድስት ሳወጣ በሩ ላይ ቆማ "እንዴት ያምራል! ምን ጨመርሽበት?" አለች። ብቻ። እግዜር ይባርከው የለ፣ ቱፍ ቱፍ የለ። ዝም ብላ ታያለች። እንደሄደች ለእማሆይ "ይቺን ሴትዮ ዓይኗን አልወደድኩትም፣ እባክዎ ሊጤን እንዳታይብኝ" አልኳቸው። እማሆይ የደሳለኝ እናት ናቸው፤ ቆብ ከደፉ ቆይተዋል፣ ያለ ምርኩዝም አይራመዱም። እኔ ጠዋት ሥራ ስሄድ ቤቱን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው።

"እሺ ልጄ" አሉኝ። ታዲያ ምኑን ጠበቁት?

ማክሰኞ

ዛሬም ያው።

ምን ሊሆን ይችላል?
እርሾው አርጅቶ ይሆን? የእሑዱም ከዚያው ፓኬት ነው።
ዱቄቱ? ከዚያው ከረጢት።
ውሃው? በእጄ ለክቼዋለሁ፣ ለብ ያለ ነው።
ስኳር በዛ? አልበዛም።
ፀዳሉ።

ደግሞ የማይገባኝ ነገር አለ። ሳፋውን ሳነሣው ሥሩ ቀዘቀዘኝ። ምድጃው ግን ገና ለብ ብሏል። የሰው ዓይን ያቀዘቅዛል እንዴ? ይኼንን ለማን ልንገር፣ ለደሳለኝ ብነግረው ለባጃጅ ተሳፋሪው ሁሉ ያወራብኛል።

እማሆይን ጠየቅኳቸው። "ሰው መጥቶ ነበር?"

"ማንም አልመጣ ልጄ።"

"ፀዳሉስ?"

"ጨው ልትዋስ ከደጅ ጠርታኝ ነበር። ሰጥቼ ሸኘኋት፣ ውስጥ አልገባችም።"

ጨው! ጨው የሌለበት ቤት አለ? ሰበብ ነው እንጂ። አመሻሽ ላይ ደግሞ ግቢው ውስጥ ቆመው እሷና እማሆይ በኽምጠኛ ሲያወሩ ሰማኋቸው። እኔ የወልድያ ልጅ ነኝ፤ እዚህ ሰቆጣ ስኖር ዓመታት አልፈውኛል፣ ኽምጠኛው ግን ከሰላምታ አላለፈልኝም። መሀል ላይ "ዘውዴ" ሲባል ሰማሁ። ሳቁ። ብቅ ስል ዝም አሉ። ዝም ማለት ምንድነው? ጥሩ ነገር የሚያወራ ሰው ዝም ይላል?

ለደሳለኝ ነገርኩት። "ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቶ አንቺን ሲያይ የሚውል ይመስልሻል" አለኝ።

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አልኩት። ራሱን ነቅንቆ እግሩን ሊታጠብ ወጣ።

ረቡዕ

ብዕሬ ወረቀቱን ሊቀድደው ነው። ከንዴት ነው።

ጠዋት ከሌላ ሱቅ የገዛሁትን አዲስ እርሾ ከትቼ አቦካሁ። ስኳሯን በልታ አረፋ ስታወጣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሕይወት ያላት እርሾ ናት። ጨርቁን በደንብ አለበስኩት፣ አማተብኩበት፣ ሄድኩ።

ከሥራ ስመለስ በመናኸሪያው በኩል አቋረጥኩ። ማንን አየሁ? ፀዳሉን። የሐረግ ሻይ ቤት የጓሮ በር ላይ። ሐረግ እጇን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ታወራታለች፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። ሳታየኝ ዞሬ በላይኛው መንገድ ሄድኩ።

ቤት ስገባ ሊጡ ሞቷል። ያ ሕያው እርሾ! ጨርቁ ላይ ደግሞ ምን አገኘሁ፣ የገብስ ገለባ። በእኔ ምድጃ ዳር ገብስ ምን ይሠራል? ትናንት ደጇ ላይ ገብስ ስታበጥር ያረፈደችው ማን ናት? ጉድ እኮ ነው። ቤቴ ገብታለች ማለት ነው፣ ጨርቁን ገልጣ አይታለች ማለት ነው። እማሆይ ደግሞ "ማንም አልመጣ" ይሉኛል። ወይ እንቅልፍ ይጥላቸዋል ወይ ያገራቸው ልጅ ሆናባቸው ይሸፍኑላታል። እንዲህ ማሰቤ ደስ አላለኝም፣ ግን አሰብኩት።

ኦቾሎኒውን ከየት እንደምገዛ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ማሩን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። አሁን ሊጤን ገድላ ገበያዬን ልትወስድ ነው። ሞኝ ነኝ፣ ሞኝ!

አመሻሽ ላይ ግቢ ውስጥ ተገናኘን። "ዘውዴ፣ ዳቦሽ እንዴት ሆነ?" አለችኝ፣ ምንም እንዳልሠራች።

"በጣም ጥሩ" አልኳት። በጾም መዋሸቴ ነው። በሩንም ላይዋ ላይ ዘጋሁት።

ሐሙስ

ዛሬ ወጥመድ አጠመድኩ።

ሊጡን ምድጃ ዳር ካስቀመጥኩ በኋላ አመዱን በወንፊት ነፍቼ፣ እንደ ዱቄት አልሜ ወለሉ ላይ በተንኩት። በደጃፉ በኩል ሳሳ አድርጌ፣ በምድጃው ዙሪያም እንዲሁ። እማሆይ ጸሎት ላይ ነበሩ፣ አላዩኝም። የፀዳሉን የጫማ ጥርስ አውቀዋለሁ፤ ከግቢው ጭቃ ላይ ስንቴ አይቼዋለሁ። እጅ ከፍንጅ ልይዛት ነው ብዬ ሥራ ቦታ መጥረጊያው እጄ ላይ አልቆም አለ።

ስድስት ሰዓት ላይ እየሮጥኩ ገባሁ። የደጃፉ አመድ እንዳለ ነው። ዶሮ እንኳ አልረገጠውም።

ምድጃው ዘንድ ግን ኮቴ አለ። ትንሽዬ ባዶ እግር። ከእያንዳንዱ እግር አጠገብ ደግሞ ክብ ነጥብ። እግር፣ ነጥብ፣ እግር፣ ነጥብ፣ እስከ ጓዳው በር ድረስ። ከዚያ ደግሞ ከጓዳ ተመልሶ ወደ ምድጃ። ቆሜ አየሁት። ገባኝ፣ ግን ሊገባኝ አልፈለግኩም። ነጥቧ የምርኩዝ ናት።

ጓዳ ገባሁ። ጓዳችን ድንጋይ በድንጋይ ነው፤ በቀትር እንኳ ያንዘፈዝፋል፣ ገብሱን የምናስቀምጠው እዚያ ነው። ከገብሱ ጆንያ ሥር፣ ገለባው መሀል፣ ሳፋ የተቀመጠበት ክብ ምልክት አለ። እርጥብ።

እማሆይ ለቅዳሴ ሊወጡ ነጠላቸውን ይከናነቡ ነበር።

"እማሆይ፣ ሊጤን ጓዳ የሚያስገቡት እርስዎ ነዎት?"

ወለሉን አዩ። አመዱን አሁን ገና ማየታቸው ነው። "አንቺው አይደለሽ እንዳታይብኝ ያልሺኝ?" አሉኝ። "ጠዋት ጠዋት የፀዳሉን ኮቴ ከሰማሁ አነሣዋለሁ። ጓዳ ውስጥ ዓይን አይደርስበትም። ቅዳሴ ልሄድ ስል ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? በብርድ እኮ ነው የሞተው!"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ቆብ የደፋ ሰው የሰው ዓይን ይፈራል ወይ? የነፍስ አባቴ ቢሰሙ ምን ይሉኛል? ያ ሁሉ ጸሎት የት ሄደ አይሉኝም?" ዓይናቸው እንባ ሞላ። "እኔ እኮ የደከምሽበት እንዳይበላሽ ብዬ ነው ልጄ።"

መቆጣት ፈለግኩ፣ አልሆነልኝም። ሳቅ ያዘኝ፣ ከዚያ እንባ። አንድ እጃቸው በምርኩዝ፣ በሌላው ያንን ሳፋ ታቅፈው በየቀኑ! ማንን ልቆጣ? እሑድ ዕለት ፍርሃቱን በጆሯቸው የከተትኩት እኔው ነኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልኩ፣ የራሴን ዳቦ በራሴ ጥርጣሬ ገደልኩት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ ዳዋዋ ፀዳሉ ሆነች።

አመዱን ጠረግኩ። ግን ሊጡስ እሺ፣ የመናኸሪያውስ? ሐረግ ትከሻዋን ይዛ ምን ስትላት ነበር? እሱን እማሆይ አላደረጉትም። ጥርጣሬ እንደ ቁንጫ ነው፣ አንዱን ስትይዘው ሌላው ይዘላል።

ነገ ለመጋገር የመጨረሻ ቀኔ ነው።

ዓርብ

"አላነሣሁትም!" አሉኝ እማሆይ ገና በሩን ሳልፍ። መቁጠሪያቸውን ይዘው ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል፣ ሊጡን እንደ ታማሚ ሲጠብቁ ነው የዋሉት።

ጨርቁን ገለጥኩ። ተመስገን! ሳፋውን ሞልቶ ጉልላት ሠርቷል። በጣቴ ስነካው ቀስ ብሎ ተመለሰ። እማሆይ እልል ሊሉ ሲቃጣቸው አፋቸውን ያዝኩ፤ ግቢው ሁሉ ሊሰማ ነው።

ዳመጥኩት። ማሩን ዛሬ አልቆጠብኩም፣ ከደሳለኝ አጎት የመጣውን ነጩን ማር ነው የጨመርኩት። ኦቾሎኒው ላይ ሲፈስ የሚሸተው ሽታ ጾመኛ ያሳብዳል። የመጀመሪያው ድስት ፍሙ በዝቶበት በአንድ በኩል ጠቆረ፤ ለደሳለኝ ይሆናል። ሁለተኛው አማረ። ሦስተኛው ከሁለተኛው በለጠ።

መሀል ላይ የፀዳሉ ኮቴ ተሰማ። ነጠላዋን ለብሳ ልትወጣ ነው፣ የት እንደምትሄድ እንጃ። በራችን ላይ ቆም አለች። እኔ ምን አደረግኩ? ሮጬ ትሪውን ሸፈንኩት። ሁሉን አውቄ፣ አልቅሼበት ሳበቃ! እጄ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ጥቂት ቆማ ሄደች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንዱን ቆርሼ ቀመስኩ። ለስላሳ ነው፣ ማሩ ንብርብሩ መሀል ሰርጿል። ኦቾሎኒው ጥርስ ላይ ትንሽ ይሰበራል። ደስ አለኝ፣ በእውነት። ወዲያው ደግሞ ልቤ ፈራ። ሐረግ ለሌላ ሰው ቃል ሰጥታ ከሆነስ?

ቅዳሜ

ትሪውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ደሳለኝን "ቀስ በል፣ ጉድጓድ አለ!" እያልኩ ደረስን። ሐረግ አንዱን ፈልጣ ውስጡን አየች፣ በላች፣ ጣቷን በጨርቅ ጠረገች።

"ይኼው ነው" አለች በመጨረሻ። "ነገም አምጪ።" ትሪውን ተቀብላ ባንኮኒው ላይ ስታስቀምጥ ሰዎች መጠየቅ ጀመሩ። ልወጣ ስል ጠራችኝ።

"ጎረቤትሽን ግን አመስግኛት። ረቡዕ ዳቦ ቤቱ ሰው ልኮብኝ ልስማማ ምንም አልቀረኝም ነበር።"

"የትኛዋን ጎረቤት?"

"ፀዳሉን ነዋ። ከሰኞ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት ዕቃ ታጥብልኛለች፣ አልነገረችሽም? 'ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ስታቦካ በግድግዳው እሰማታለሁ፣ የያዘችውን የምትተው ሴት አይደለችም፣ እስከ ቅዳሜ ጠብቂያት' ብላ ለመነችኝ።"

ፊቴ ጋለ። አልነገረችኝም። እንዴትስ ትነግረኛለች፣ ሳምንቱን ሙሉ በር ስዘጋባት ከርሜ! ደሳለኝ ሰምቷል። ባጃጁን እየነዳ በመስታወቱ አየኝ፣ ራሱን ነቀነቀ። ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት ለነገ አቡክቼ ፀዳሉ ወደ ሥራ ሳትወጣ ደጇ ድረስ ሄድኩ። አመሰግናለሁ ልላት አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው "ጨው አለሽ?" ነው። ገብታ አምጥታ ሰጠችኝ። ጨው እቤቴ ሞልቷል።

"ነይ ግቢ" አልኳት። "ያስቀመጥኩልሽ አለ።"

ገባች። ጥቅልሏን በላች፣ ጣቷን ላሰች። እማሆይ ከጥግ ሆነው ያያሉ። ቀጥሎ ፀዳሉ ወደ ምድጃው ሄደች፣ ጨርቁን በሁለት ጣቷ ገለጠች። "እንዴት ያምራል!" አለች።

ብቻ። ጠበቅኩ። ምንም የለም።

"እግዜር ይባርከው በይ እንጂ!" አልኩ፣ ሳላስበው።

ዞራ አየችኝ። "ሊጥ ነው እኮ ዘውዴ፣ ሕፃን መሰለሽ?" ብላ ሳቀች።

የምርኩዙ ድምፅ ተሰማ። እማሆይ ተነሥተዋል፣ እጃቸው ወደ ሳፋው ተዘርግቷል። ፀዳሉ ምንም አልገባትም፤ መንገድ ልትለቅላቸው ዘወር አለች።

"ይተዉት እማሆይ" አልኩ። "ይታይ።"

እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ። ፀዳሉ እስክትጠግብ አየችው፣ ስለ እርሾው ጠየቀችኝ፣ ሁሉንም ነገርኳት፣ ሄደች።

እንደወጣች ጨርቁን መለስኩት። ለብርዱ ነው።