ስለላክሽልን የዘይት ማጣሪያና ስለ ጠባቧ ቀዳዳ

ለእህቴ ለእትዬ፣

እንዴት ከረምሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? የጉልበትሽ ነገርስ፣ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ደብቀሽኝ ነው? ባለፈው በስልክ ስናወራ ያሳለሽ መሰለኝና ብጠይቅሽ «ስልኩ ነው» አልሽኝ። ኧረ ስልክን ሳል አይዘውም እትዬ! ባለቤትሽ እንዴት ነው? መንታዎቹ ትምህርቱን እንዴት ይዘውታል? አማትሽስ አሁንም በየሰዓቱ እየተነሱ በሩ መቆለፉን ያያሉ? እሳቸው እንኳ ልክ ናቸው። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ ከወገቤ በስተቀር፣ እሱን ደግሞ ከነታሪኩ ታውቂዋለሽ።

ወደ ወሬው ሳልገባ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባለፈው ረቡዕ ትልቋ ልጄ ደውላልሽ ነበር? መጀመሪያ ደብዳቤውን ጨርሺው። ከዚያ ግን እውነቱን ብቻ ጻፊልኝ።

የላክሽው ዕቃ ደርሶናል፣ እጅሽ ይባረክ። ካርቶኑ ላይ ፕላስተሩ ተደራርቦ ስለተለጠፈ የሰው እጅ ሳይገባበት አልቀረም ብዬ፣ ሳልከፍተው በፊት በአራቱም ጎን ፎቶ አነሳሁት። ባለቤቴ «እህትህ ናት እንዲህ ያሸገችው፣ ዘራችሁ ነው» አለችኝ። ከፈትኩና አንድ በአንድ ደብተሬ ላይ መዘገብኩ። ወፍራም የብረት ጣሳ አንድ፣ ጣሳው ውስጥ የሚገባ የወረቀት ጥቅልል ሁለት፣ ቱቦ ሁለት፣ ሦስት አፍ ያለው መገጣጠሚያ አንድ፣ ቡሎን ከነዳዶው አራት፣ በማላውቀው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት አንድ፣ የጣት ጫፍ የምታህል የነሐስ ዕቃ አንዲት። የመጨረሻዋ ምን እንደሆነች ስላልገባኝ ጎኗ የጥያቄ ምልክት አደረግኩባት። ኋላ ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት።

መቼም አንቺ የመለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ስለምትሠሪ የነገሩን ክብደት አታጪውም። ባለፈው ዓመት የጭነት መኪናችን ሞተር መንገድ ላይ ተቃጥሎ ሲከፈት ዘይቱ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ነበር። ያኔ መካኒኩ «ሁለተኛ ከተቃጠለ ይሄ መኪና ለቁርጥራጭ ብረት ነው» ብሎናል። እኔን ደግሞ ሐኪሙ ከመሪ ከልክሎኛል። ትልቋ ልጄ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዷን ይዛ ዛሬ ሰኞ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ረጅሙን መንገድ እንድትወጣ ነበር ቀጠሮው። ሦስት ቀን መሄድ፣ ሦስት ቀን መመለስ፣ መሃሉ ላይ ያ የማያልቅ ቁልቁለት። ሞተሩ እዚያ ጸጥ ቢልባት ማን ይደርስላታል? ቁልፉን ልስጣት አልስጣት እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ስብሰለሰል ነው የከረምኩት።

የገጠመልን ያው የድሮው መካኒክ ነው። ጋራዡ ውስጥ «ጭጭ» ነው የሚሉት፣ አይናገርማ። በቀን አሥር ቃል ቢወጣው ሰባቱ «ይሠራል» ነው። ዝም የሚል ሰው ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ይከነክነኛል። የዛሬ ዘጠኝ ቀን ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ደብተሬን ይዤ አጠገቡ ቆምኩ። ጣሳውን ከካቢናው ኋላ ሻንሲው ላይ አሠረው፣ እንዳይንቀጠቀጥ ሥሩ ጎማ አነጠፈ። የዘይት ግፊት ከሚለካበት ቦታ ሦስት አፏን መገጣጠሚያ አስገብቶ አንዱን ቱቦ ወደ ጣሳው ወሰደ፤ ሁለተኛውን ከጣሳው አውጥቶ በዘይት መሙያው በኩል ወደ ሞተሩ መለሰ። ሁለቱንም ከጭስ ማውጫው አርቆ አሰራቸው። ለምን ብዬ ብጠይቀው ዋናው ማጣሪያ ዘይቱን ሁሉ በጥድፊያ ስለሚያሳልፍ ደቃቁ ጥላሸት ያመልጠዋል፣ ይሄኛው ግን ከጎን ተቀምጦ ጥቂት ጥቂት እየወሰደ ቀስ ብሎ ያጣራል አለኝ። ከእሱ አፍ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ቃል ስሰማ ራሱ ጠረጠርኩ። ጣሳው ዘይት ስለሚጠጣ ሦስት ሊትር ጨመርንበት። ሲጨርስ የትንሿን ልጄን ቀይ የጥፍር ቀለም አምጥቼ በየዳዶው ላይ መስመር ቀባሁ። ሰው ከነካው መስመሩ ይሰበራል፣ ይታወቃል። ጭጭ አየኝና «ይሠራል» አለ። ቀለሙን ይሁን ማጣሪያውን አልገባኝም።

እሁድ ቤቱ ጭር ሲልልኝ ከመኪናው ሥር ገባሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አይደል የሚባለው? መግቢያ ቱቦውን ፈትቼ ሳይ፣ ያቺ የጥያቄ ምልክት ያደረግኩባት ነሐስ አፉ ላይ ተሰክታለች። መሃሏ ቀዳዳ አላት፤ ግን ምን ዓይነት ቀዳዳ መሰለሽ፣ ጉንዳን እንኳ ሆዷን ካልሳበች አታልፍበትም! ይሄን የሚያህል ቱቦ በመርፌ ቀዳዳ ተዘግቶ ሳይ ደሜ ፈላ። አሃ፣ እህቴ የላከችውን እውነተኛዋን ወስዶ ይቺን ውዳቂ ሰካልኝ አልኩ። ሄጄ እንዳልጠይቀው «ይሠራል» ነው የሚለኝ። ልጄን እንዳልጠይቃት ገና ለገና ትስቅብኛለች። ድሪሌን አወጣሁና በስድስት ሚሊ ፑንታ ወለል አድርጌ በሳኋት። በናፍጣ አጥቤ፣ ነፍቼ፣ መልሼ ገጠምኩ። መስመሩንም መልሼ ቀባሁ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ያን ቀን በራሴ ኮርቼ ነበር።

የዛሬ ሳምንት ሰኞ ሞተሩን አስነስተን ሲሞቅ፣ መኪናው ቆሞ ነዳጅ ሳይረገጥ በሚኒሞ ሲዞር የዘይት ግፊቱ መርፌ ቁልቁል ወርዶ ቀዩን ሊነካ ምንም አልቀረው። ወዲያው አስጠፋሁና ይቺ መኪና የትም አትሄድም አልኩ። ቁጭ ብዬ የተጠርጣሪዎች ዝርዝር አወጣሁ። ዘይት ሻጩ፣ አሮጌ ዘይት በአዲስ ጀሪካን ሸጦልኝ ይሆናል። መርፌው ራሱ፣ ይዋሻል። ጭጭ፣ ምክንያቱ የታወቀ ነው። ቅዳሜ አጥሩ አጠገብ የቆመው ባለ ኮፍያ ሰውዬም አልቀረ። ማክሰኞ ዘይቱን በሙሉ ከሌላ ሱቅ አስገዝቼ ለወጥኩት። መርፌው ያው። ባለቤቴ ደብተሩን አንስታ ዝርዝሩን እስከ ታች አነበበችና «ሁሉም ሰው አለ፣ ያንተ ስም ብቻ ቀርቷል» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ ነው ሌላ ነገር የመጣው። ልጄ ደረጃው ላይ ቆማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በስልክ ታወራለች፣ ስደርስ ዘጋችው። ሐሙስ ደግሞ ጋራዡ በር ላይ እሷና ጭጭ ጎን ለጎን ቆመው ያንሾካሹካሉ። ጭጭ! ሲያንሾካሹክ! ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር አውጥቶ መዳፏ ላይ አደረገላት። ፈታ ስታደርገው ቢጫ ነገር ብልጭ አለ፣ ክብ፣ መሃሉ ቀዳዳ። እሷም ፈገግ ብላ ኪሷ ከተተችው። እትዬ፣ በቆምኩበት ክው አልኩ። ቀለበት! ሞተሬን ገድሎ ልጄን ሊወስድ ነው አልኩ። ያን ቀን እህል አልቀመስኩም። ደብተሬ ላይም የጭጭን ስም ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

አርብ ጠዋት መኪናዋን አስነስቼ ብጠብቅ፣ ሞተሩ ሞቆም መርፌው ቦታው ላይ ቀጥ ብሏል። በዚህ ደስ ይበለኝ? ይልቅ ባሰብኝ። ሳይታከም የዳነ በሽታ አይታመንም። ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ሳይ አንደኛው ላይ ቀዩ ቀለም ከሌሎቹ ይልቅ ያብረቀርቃል፣ ገና ትናንት የተቀባ ነው። ማስረጃ ያዝኩ ብዬ እየሮጥኩ ገባሁ፤ በወገቤ ልክ ማለቴ ነው። ሁሉም ቁርስ ላይ ናቸው። «ቱቦውን ማነው የነካው?» አልኩ። ትልቋ ልጄ ሳትደነግጥ ከኪሷ ያቺን ጨርቅ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ፈታቻት። ውስጧ ያለችው እኔ የበሳኋት ነሐስ ናት። «አባዬ፣ ይቺንስ ማነው የነካት?» አለችኝ።

ትንሿ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። ትልቋ ግን አልሳቀችም። አጠገቤ ተቀምጣ በቀስታ አስረዳችኝ። «የሕንፃው ውሃ ላይኛው ፎቅ የሚደርሰው ምድር ቤት ያለው ቧንቧ ጠበብ ስላለ ነው። አንተ ታችኛውን ወለል አድርገህ ከፍተህ ላይኛው ፎቅ ውሃ ጠፋ ትላለህ። ቀዳዳዋ የጠበበችው ዘይቱ ሁሉ ወደ ጎን እንዳይሸሽ ነው። አንድ ሚሊ ተኩል ነው ልኳ» አለችኝ። ቀለበት ያልኩት ጭጭ ቶርኖ ቤት አስቀርጾ ያመጣላት አዲሷ ናት። አስገባቻት፣ መስመሩን መልሳ ቀባች፣ እኔን ሰው ፊት ላለማሳፈር ምንም ሳትናገር ልታልፈው ነበር። የጥፍር ቀለሙ ባያጋልጣት ኖሮ።

ከትናንት ወዲያ ቅዳሜ ልጄ መኪናውን ነድታ ጋራዥ ሄድን፤ እሷ ስታቆም እኔ ቀድሜ ገባሁ። እንደ ሰው ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ ብዬ ሦስት ነጥብ ጽፌ ነበር። የመጀመሪያውን ሳልጨርስ ጭጭ አቋረጠኝ፣ «ጋሼ፣ ልጅዎ እኔ ነኝ የበሳኋት ብላኛለች» አለኝ። የተበላሸችውን ነሐስ ከኪሴ አውጥቼ ስሰጠው ብርሃን ላይ ያዛትና «እሷ ብትበሳት ኖሮ እንዲህ አትጣመምም ነበር» አለ። ከዚያ ሥራውን ቀጠለ። እትዬ፣ የኔን ጥፋት ራሷ ላይ ወስዳ፣ በሙያዋ አፍራ፣ አልነገረችኝም። እኔ ደግሞ ሐሙስን ሙሉ ጠርጥሬያታለሁ።

ይሁን እንጂ በዓይኔ ካላየሁ አላምንምና፣ ጥቅልሉ ይከፈትልኝ አልኩ። አወጡት። ጭጭ በቢላ ሰንጥቆ ወረቀቱን ዘረጋው። ጥቁር ጥላሸት፣ መሃሉ ላይ ደግሞ አራት ደቃቅ የነሐስ ፍንጣሪ ብልጭ ብልጭ ይላል። አጥቤዋለሁ ያልኩት፣ የኔው ድሪል ያወጣው ብረት ነው። ማጣሪያው ይዞት ኖሯል። ባይይዘው ሞተሩ ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ ነው የላክሽውን ዕቃ ያመንኩት። ሁለተኛውን ጥቅልል አስገባን፣ ደረቁ ጥቅልል የሚጠጣውን ያህል ዘይት ጨመርን፣ አስነስተን አጥፍተን እንደገና ለካን።

ዛሬ ጠዋት ቁልፉን ሰጠኋት። ከነዝርዝሩ ነው እንግዲህ። ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ሜዳ ላይ አቁመሽ ዘይት ለኪ። አንድ ሰዓት ከነዳሽ በኋላ ጣሳውን በእጅሽ ንኪው፤ ከሞቀ ዘይት እያለፈ ነው፣ ከቀዘቀዘ ተዘግቷል። መገጣጠሚያዎቹን በጨርቅ ጥረጊ፣ ጨርቁን እዪው። በአሥራ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ጥቅልሉን ቀይሪ። ወደ አሥራ አንድ ነጥብ ይሆናል። ሳትከራከር ፈረመችበትና እሷም ከኪሷ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። ሦስት መስመር ብቻ ናት። «አንደኛ፣ አባዬ እኔ በሌለሁበት ዳዶ አይፈታም። ሁለተኛ፣ ሰውን መጀመሪያ ይጠይቃል፣ ኋላ ይጽፋል። ሦስተኛ፣ ቀለበቱ ሲመጣ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያለች ባለቤቴ ቆማ ትስቃለች። እኔም ፈረምኩ። ግን እትዬ፣ ታዲያ የሚመጣ ቀለበት አለ ማለት ነው? የምታውቂው ካለ አትደብቂኝ።

ይህን እየጻፍኩ ስልኩ ጮኸ። ልጄ ናት፣ የመጀመሪያው ማደያ ላይ ቆማ ነው። ሳልጠይቃት «አባዬ፣ ጣሳው ሞቋል» አለችኝ። ሞቅ ነው ወይስ ያቃጥላል? ሞቅ። ጨርቁስ? ደረቅ። መርፌውስ? ቀጥ ብሏል። ሁሉንም ጻፍኩ። ከዘጋሁት በኋላ ደብተሬን ወደ ኋላ ገልጬ ከነሐሷ ጎን የነበረውን የጥያቄ ምልክት ሰረዝኩት።

አሁን የቀረኝ አንድ የጥያቄ ምልክት ነው፣ እሱም ያንቺ ነው። ወረቀቱ በማናውቀው ቋንቋ ነው፣ ጭጭም ይህን ማጣሪያ ሲገጥም የመጀመሪያው ነው። ታዲያ ልጄ አንድ ሚሊ ተኩል የሚለውን ልክ ከየት አመጣችው? ረቡዕ ዕለት ደረጃው ላይ ያወራችው ከማን ጋር ነበር? ሁሉን እያወቅሽ ሐሙስ ደውለሽልኝ ስለ አየሩ ስታወሪኝ አልነበር? እህቴ ብትሆኚም ስምሽን ጽፌዋለሁ። ደግ አደረግሽ፣ ግን ጽፌዋለሁ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። መንታዎቹን ግንባራቸውን ሳሚልኝ፣ ትልልቅ ሰዎች ሆነናል ቢሉም እንዳትሰሚያቸው። ለአማትሽ በሩን ጠንከር አድርገው ይያዙት ብሏል በያቸው። ባለቤቴ በጣም ናፍቃሻለች፤ ትንሿ ልጄም ቀይ የጥፍር ቀለሟ ስላለቀባት ሌላ ላኪልኝ ትላለች። ትልቋ ከመንገድ ስትመለስ ራሷ ሰላም ትልሻለች፣ መቼም ስልክሽን አታጣውም። አንቺም ለዚያ ሳል ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ያለሽን ቃል በቃል ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

ከወጥ ቤታችን ጠረጴዛ፣ ስልኩ አጠገብ
ሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን