እርሾው ለምን ሰነፈ

ለውድ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ዝናቡ ዘንድሮስ ጣራችሁን ማረላችሁ? ሳልሽስ ለቀቀሽ? እኔ ከቁርጭምጭሚቴ እብጠት በቀር ደህና ነኝ፤ ባለቤቴም ጤና ነው።

በአውቶቡስ የላክሽው፣ የኮኮናት ውሃ አርግቶ ናታ ጄሊ የሚያደርገው እርሾ ደርሶኝ ቤተ ሙከራችን ውስጥ አየነው። ሳላንዛዛ ልንገርሽ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ውጤቱን ሳይ እፎይ አልኩ።

አማትሽ አሊንግ ፌሊሳ፣ "ናታው አልረጋ ያለው እጇ ከባድ ስለሆነ ነው፤ የነካችው አይበረክትም" ማለታቸውን ስትጽፊልኝ ደሜ ፈልቶ ነበር። ይባስ ብሎ አንቺም አምነሽ ተቀበልሽ። የኮኮናቱን ውሃ በስኳር አፍልተው፣ ሳይበርድ፣ "ትኩስ ንጹሕ ነው" እያሉ እርሾው ላይ የሚገለብጡት ማን ሆነና? እሳቸው ናቸው። በየዙሩ ናታውን የሚሠራው፣ እርሾው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ይረግፋል፤ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ቀጣዩ ጠርሙስ ሙሉውን የነዚያ የጥቂቶቹ ዘር ይሆናል።

ብዙ ሆነው ሲኖሩ፣ ዘረመሉ የተበላሸበት ባክቴሪያ ላይ የሚያንሳፍፈውን ናታ መሥራት ስለሚያቅተው ከታች ሰምጦ አየር ያጥረዋል፤ ጤነኞቹ ይበልጡታል። ጥቂት ሲቀሩ ግን ማን እንደሚተርፍ የሚወስነው ዕድል ነው። እንከኑ አብሮ ይተርፋል፤ የጠፋው ዘረመልም ተመልሶ አይመጣም። የሥራ ባልደረባዬ ዴልፊን ጠርሙስሽን አይቶ፣ "እነዚህ እኮ ሥራቸውን ረስተውታል፤ ቁጭ ብለው ስኳር መብላት ብቻ" ብሎ አሳቀኝ።

ከጎረቤት መንደር ደህና እርሾ አምጪ። ከብዙ ጠርሙስ ቀላቅለሽ በርከት አድርገሽ ጨምሪ፤ ውሃው መጀመሪያ ይብረድ። አማትሽ ቢያኮርፉ ያኩርፉ።

እታለም፣ አምና ሕፃንሽን ስንቀብር "ምነው ባልነካሁት" ስትዪ ሰምቼሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ክርስትና ቤት እጅሽን ቀሚስሽ ሥር ደብቀሽ ትቀመጫለሽ፤ የማንንም ልጅ አታቅፊም። ሳይሽ አንጀቴ ይቃጠላል። ያ ልጅ በትኩሳት ነው የሞተው። አንቺ እናቱ ነበርሽ፤ ያቀፍሽውም ስለምትወጂው ነው።

ጥር ላይ ወደኛ ነይ። አልጋሽን አዘጋጅቻለሁ፤ የምትወጂውን የደረቀ ዓሣም ገዝቼ አስቀምጫለሁ። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ላንቺ ሰግቼ ነው፤ አትቀየሚኝ።

እመቤታችን ቤትሽን ትጠብቅልሽ፤ ደረትሽንም ትማርልሽ። አዋላጄ የሚወለደውን ልጄን መጀመሪያ ማን እንዲያቅፍ እንደምፈልግ ጠይቃኝ ያንቺን ስም ነግሬያታለሁ።

የምትወድሽ ታናሽሽ