የአባባ ጉልበት ቁጥር

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ሰላምታዬ ከራስ ጠጉርሽ ተነስቶ እስከ እግር ጥፍርሽ ይውረድ። እኛ ተመስገን ደህና ነን።

የላክሽልን ሴንሰሮች ሥራ ጀምረዋል፤ እግዜር ይስጥልን። አንዱ ጭን ላይ፣ አንዱ ባት ላይ ይታሰርና ጉልበት ስንት ዲግሪ እንደታጠፈ ስልኩ ይናገራል። አባባ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ የሚያዘው ሰው አልነበረም፤ አሁን ስልኩ "ትንሽ ይጨምሩ" ይለዋል። እሱም "አንተን ማን ጠየቀህ!" እያለ ይሰድበዋል። እማዬ "ከስልክ ጋር የሚጣላ ባል ሰጠኝ" ትላለች።

ባለፈው ሳምንት ስልኩ የላከው ቁጥር አንቺ ጋ ደርሶ "አባባ ጎበዝ! በቅርቡ መሰላል ላይ ወጥተህ ቀለም ትቀባለህ" ስላልሽው በጣም አመስግኖሻል። እኔም ኮርቻለሁ፤ ጉልበቱ የኔ ነበራ! "አንቺ እሰሪው፤ ልጄ በሰው አገር እንቅልፍ አትጣ" ብሎኝ ነው። እንዳልነግርሽም አስምሎኛል። አልነገርኩሽም፤ ጻፍኩልሽ እንጂ።

መሰላሉን ለጎረቤታችን ለቀቢው ሰጥቶታል፤ "ግቢውን አጣበበው" ብሎ።

ስትደውዪ ስለ ቁጥሩ አትጠይቂው። በቪዲዮ ደውለሽ "አባባ፣ እስቲ ተነስተህ መስኮቱን ክፈተው፣ ሰፈሩን ልየው" በዪው። እስኪነሳ ድረስ ግን ስልኩን እንዳትዘጊ።

ስላሰብሽልን ኑሪልን።

አክባሪሽ ታናሽ እህትሽ