የሶሎ ሥር ተመራማሪዋ የዶክተር ኩንዜስ አንግሞ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ኩንዜስ አንግሞ ከአባታቸው ከጼዋንግ ፑንጾግና ከእናታቸው ከያንግዶል፣ እ.ኤ.አ. በማርች 1961 በሕንድ ከፍተኛ ተራሮች መካከል በምትገኘው በላዳክ፣ ከጾ ሞሪሪ ሐይቅ ዳር ባለችው በካርዞክ መንደር ተወለዱ።

ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ከካርዞክ ዝቅ ብላ በምትገኘው በሌህ ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። ለዕረፍት ሲመለሱ ከእናታቸው ጋር በድንጋይ መሃል የሚበቅለውን ሶሎ የተባለ ተክል ይለቅሙ ነበር። ለጋው ተቀቅሎ ከእርጎ ጋር ይበላል፤ ሥሩ ፈልቶ ለደከመው ይሰጣል። ኩንዜስ ለጋውን በጥሬው እየበሉ ቅርጫቱን ባዶውን ስለሚመልሱት፣ እናታቸው «ይቺን ልጅ ከፍየሎቹ ጋር አሰማሯት» ይሉ ነበር።

በ1982 ታላቅ ወንድማቸው ጂግሜት የደልሂ ትምህርቱን ጨርሶ በተመለሰ በማግስቱ ለዘመድ ሠርግ ካርዞክ ወጣ። ራሱን እንዳመመው ቢናገርም፣ ከፍታ የሚያመው የሜዳ ሰው እንጂ የካርዞክ ልጅ አይደለም ተብሎ ታለፈ። ሲንገዳገድ ሠርገኛው በገብስ ጠላ የሰከረ መስሎት አጨበጨበለት። ጂግሜት ጠላ አልቀመሰም ነበር። ሲነጋ አልነቃም።

የኩንዜስ ሥራ ከዚያ ሠርግ ይጀምራል። በከፍታ አየር ሲሳሳ የሚጎዳውን አንጎል ምን ሊያተርፈው እንደሚችል ለማወቅ ፈለጉ። በቻንዲጋር የኬሚስትሪ ትምህርት ተከታትለው፣ በ1992 በእጽዋት ኬሚስትሪ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ፤ ወደ ሌህም ተመልሰው በምርምር ማዕከል ተቀጠሩ። እዚያም አየሩ እንደ ተራራ አናት በሚሳሳበት ዝግ ክፍል አይጦችን አስገብተው ሶሎን ፈተኑ። ከሥሩ የወጣውን ንጥረ ነገር የወሰዱት አይጦች የተማሩትን መንገድ ከሌሎቹ በተሻለ ያስታውሱ ነበር፤ አንጎላቸው ሲመረመርም ጉዳቱ አንሶ ተገኘ። ዶክተር ኩንዜስ ግን «ሊከላከል ይችላል» ከሚለው ቃል አልፈው አያውቁም። አንድ ነጋዴ በሻይ ፓኬት ላይ «ከፍታ አይነካዎትም» ብሎ ለመጻፍ ፈቃዳቸውን ሲጠይቅ፣ መጀመሪያ ራሱ ከአይጦቹ ጋር ክፍሉ ውስጥ እንዲቀመጥ ጋበዙት። ነጋዴው አልተመለሰም።

በ1993 ከመምህር ጉርሜት ራብጊያስ ጋር ትዳር መሥርተው ልጃቸውን ላዶልን ወለዱ።

መምህር ጉርሜት በሜዳው አገር ለሁለት ዓመት አስተምረው በ2011 ተመለሱ። ባለቤታቸው «ሜዳ የከረመ ሰውነት ከፍታውን ይረሳል» ብለው ሌህ ላይ ጥቂት ቀን እንዲያርፉ ቢለምኗቸውም፣ የመንደራቸው በዓል እንዳያልፍባቸው ብለው በማግስቱ ከቤተሰባቸው ጋር ካርዞክ ወጡ። በሁለተኛው ቀን የኮታቸውን ቁልፍ አዛንፈው ቆለፉ፤ ቀጥ ብለው መራመድ አቃታቸው፤ የልጃቸው ስምም ጠፋባቸው። ዶክተር ኩንዜስ ወዲያው መኪና አስነሱ። ዘመድ ሁሉ ግን ሶሎው ይሰጣቸውና ይተኙ አለ። አማታቸውም ተቆጡ።

«ዕድሜሽን ሙሉ አይጥ ስታድኚ ኖረሽ፣ ለልጄ ሲሆን ትሰስቺበታለሽ?»

«እሰጠዋለሁ፣ እማ። ግን መኪና ውስጥ፣ ወደ ታች እየወረደ ነው የሚጠጣው።»

መምህር ጉርሜት የበሩን መቃን ይዘው እምቢ አሉ። «የሜዳ ሰው ልታስመስይኝ ነው? ሰው ምን ይለኛል?»

«ይበሉህ። በሕይወት ኖረህ ትሰማቸዋለህ።»

ዝቅ ወዳለው ሸለቆ ሲደርሱ የላዶልን ስም ጠሩ። እኒያው ሰው ዛሬ በመካከላችን ተቀምጠዋል። ያዳናቸው ሥሩ ይሁን ወደ ታች መውረዱ፣ ሰዎች ባለቤታቸውን በጠየቋቸው ቁጥር መልሳቸው አንድ ነበር፦ «አላውቅም። የነበረኝ አይጥ አንድ ብቻ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ካርዞክ ላይ የተንገዳገደ ሰው ጠላ ጠጣ አልጠጣ ሳይባል ወደ ታች ይወሰዳል። እውነተኛ ሰካራሞችም በዚሁ ሰበብ በነጻ ሌህ ደርሰው ተመልሰዋል። ዶክተር ኩንዜስ ይህን ሲሰሙ እንባቸው እስኪወርድ ይስቁ ነበር።

ዶክተር ኩንዜስ ባደረባቸው የጉበት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጁን 9 ቀን 2024 በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ሌህ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን ላዶልንና ታናሽ ወንድማቸውን ኑርቦን ትተው አልፈዋል።

በልማዳችን የካርዞክ ሰው የሚሸኘው በካርዞክ ነው፤ አስከሬኑን የሚያቃጥሉትም አንድ የቤት ጠባቂ አምላክ የሚጋሩት ቤተሰቦች፣ ፋስፑኖቹ ናቸው። መነኩሴው ላማም ዕለቱን ዛሬ እንዲሆን ወስነው ነበር። ላዶል ግን ስድስት ዓመት ከኖረችበት ከሜዳው ከተማ ከባንጋሎር በአውሮፕላን ሌህ የገባችው ትናንት ነው። መምህር ጉርሜት ልጃቸውን ወደ ላይ ይዘው እንደማይወጡ፣ እናቷንም ያለ እርሷ እንደማይሸኙ ወደ መንደሩ መልእክት ላኩ። ፋስፑኖቹ ተመካከሩ። ከዚያም የጥዱን እንጨትና ቅቤውን ጭነው፣ አዛውንቶቹን ጋቢና አስቀምጠው፣ ትናንት ማታ እነሱ ወረዱ። ሥርዓቱ ዛሬ እዚሁ ሌህ ይፈጸማል። ላዶልም ከእናቷ አጠገብ ናት።

ከሜዳው አገር የመጣችሁ ወዳጆች፣ ለጸሎቱ ወደ ካርዞክ ከመውጣታችሁ በፊት እዚህ ቆዩ፤ አደራው የሟቿ ነው። እኛ አርፈን እንወጣለን። የእሳቸው ነፍስ ግን ማረፍ ሳያስፈልጋት ትውጣ፤ ከፍታው ይቅለላት፣ የሚመጣው ልደቷም መልካም ይሁን።