እናቴን እህል ላስጠላው ፊልም ዳይሬክተር

ለተከበሩ ዳይሬክተር፣
ባሉበት

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? በሁለት ሰዓት ውስጥ ያን ሁሉ ሰው ገድለው ሲያበቁ እጅዎ ዝሎ እንዳይሆን ሰግቼ ነው የምጠይቀው። እኔ ፊልም የማየት ልምድ የሌለኝ የአቃቂ ነዋሪ ነኝ። ባለፈው እሁድ አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ትኬት ቆርጠው ስለጋበዙን፣ ጎረቤት ሲጋብዝ ደግሞ እምቢ ማለት ስለማይቻል፣ ከእናቴ ከወይዘሮ መሰለች ጋር የበቀል ፊልምዎን ለማየት ታድያለሁ።

አንደኛ፣ ፊልሙ በ1970 ዓ.ም. ብሎ ከሚያሳየን አቃቂ ጀርባ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። ይሁን፣ ትቼዋለሁ። ነገር ግን ተበቃዩ ከአቃቂ ተነሥቶ በአምስት ደቂቃ ፒያሳ የደረሰበትን መንገድ ቢነግሩን፣ ቃሊቲ ላይ ታክሲ ስንጠብቅ እግራችን ለሚያብጥ ሰዎች ትልቅ ውለታ ነበር።

ሁለተኛ፣ በፊልምዎ የጀግናውን አባት ጠቁሞ ያስገደለው ሰው ጥቁር መነጽር አድርጎ በትልቅ ቪላ ብቻውን ይስቃል። የእኔን አባት በዚያው ዘመን ጠቁሞ ያስገደለው ሰው ግን መነጽርም ቪላም የለውም። ጉልበቱን ያመዋል። እድራችን አንድ ነው፤ አያቴ ያረፉ ጊዜ ድንኳኑን የተከለው እሱ ነው፣ ሚስቱ ስትሞት እኛም ንፍሮ ቀቅለን ሄደናል። እንዲህ ያለውን ሰው የትኛው ትዕይንት ላይ እንደሚገድሉልን ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛ ብዬ ለመዘርዘር አቅም የለኝም፣ ዋናውን ልናገር። ጀግናዎ ደም ያልመለሰ ቤተሰብ ሟቹን አይወደውም ነበር ይላል። እናቴ ደግሞ ጠቋሚው ማን እንደሆነ እያወቀች፣ ወንድሜ ሰይፈሥላሴ ልጆች ወልዶ እስኪረጋጋ ድረስ ስሙን ከአፏ አላወጣችም። ወንድሜ እንደ እርስዎ ጀግና ቢሆን ኖሮ ይህች ሴት ዕድሜዋን ወህኒ ቤት ስንቅ ስታመላልስ ትጨርሰው ነበር።

ከፊልሙ በተመለስንበት ቀን ማታ እራቷን ገፋ አድርጋ፣ አባታችሁን አልወደውም ነበር ማለት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ እህል አስጠልቷታል፤ የአባቴንም ፎቶ ከግድግዳ አውርዳ በነጠላ ጠቅልላዋለች። ተናድጃለሁ፣ ከንዴቱ ይልቅ ግን ደክሞኛል። ፊልም እኮ ነው ብላት አላመነችኝም። እርስዎ ሠሪው ስለሆኑ ታምንዎት ይሆናልና፣ ከሽልማቱና ከቃለ መጠይቁ ሲተርፉ አቃቂ ድረስ መጥተው ልጆቿን በሕይወት ማሳደጓ ፍቅር እንደነበር ቢነግሯት፣ እህል ትቀምስ ይሆናል።

ለጥበብዎ ካለኝ አክብሮት ጋር፣ ስለ ወሰዱብኝ እንቅልፍም እያመሰገንኩ፣ ረጅም ዕድሜና ብዙ ተመልካች እመኝልዎታለሁ።

በላይነሽ ጉተማ
ከአቃቂ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ትኬት የቆረጡልን አዛውንትና ድንኳን የተከለው ሰው አንድ ናቸው። ፊልምዎን እጅግ ወድደውታል። ጠቋሚው በጥይት ሲወድቅ ከሁሉ ቀድመው አጨበጨቡ፤ ከዚያም ወደ እናቴ ዘንበል ብለው፣ ይበለው አሏት።